ፒኤስ 2 በፍላት ቲቪ፦ ያየሁት ፍዳ

የገና ሰሞን ደብረ ብርሃን እማዬ ጋር ሄጄ ቁም ሳጥን አናት ላይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ የድሮ ፒኤስ 2ዬን፣ ፕሌይስቴሽን የሚባለውን የጌም ማሽን። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሁለት ጆይስቲክ አብሮት፣ የአንዱ አናሎግ ጎማው ተልጦ አልቋል። የኛን ከተማ ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ውጪ መቆም የለም፣ እና ብርድ ልብስ ተከናንቤ ዊኒንግ (የኳስ ጌሙን) ልጫወት ብዬ ልሰካው ስነሳ ለካ ቲቪው ተቀይሯል፣ እህቴ ለእማዬ 43 ኢንች ፍላት ገዝታላታለች። ከኋላው ሳየው ያቺ የኤቪ ገመድ የሚሰካባት ቢጫ ነጭ ቀይ ቀዳዳ የምትባል ነገር የለችም። ኤችዲኤምአይ ሁለት፣ ዩኤስቢ፣ አንቴና፣ በቃ።

በነጋታው ወደ መናኸሪያ ወርጄ አንድ ሱቅ ኤቪውን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ ኮንቨርተር አለ ወይ አልኩ፣ አለ ተባልኩ፣ ከፍዬ መጣሁ፣ ሰካሁ፣ ጥቁር። ገመድ ቀየርኩ፣ አሁንም ጥቁር። አንድ ሰዓት ስለፋ ቆይቼ ላዩ ላይ ያለውን ጽሁፍ ሳነበው የሰጠኝ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚለውጠውን ነው፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ የተገላቢጦሹን። ሁለቱ ቁርጥ አንድ አይነት ናቸው እኮ! ልዩነቱ ኢንፑት የሚለው በየትኛው ጎን ተጽፏል የሚለው ብቻ ነው፣ ስለዚ ስትገዙ እዛው ቆማችሁ አንብቡ፣ ቢጫው ቀዳዳ ጋር ኢንፑት የሚል ከሆነ እሱ ነው የናንተ።

ተቀየረልኝና ምስል መጣ፣ ግን ምን አይነት ምስል። ተጫዋቾቹ ሁሉ ወፍረው ጎን ለጎን ተለጥጠዋል፣ የማልያ ቁጥር አይነበብም፣ ሳሩ ጭቃ መስሏል። መወፈሩ ቀላል ነው፣ ጌሙ ለ4 በ3 ስክሪን የተሰራ ሆኖ ሳለ ቲቪው ወደ 16 በ9 ስለጎተተው ነው፣ ከቲቪው ሴቲንግ 4፡3 አርጉት፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ይቀራል፣ ይቅር። ጭቃው ግን ከቢጫዋ ገመድ ነው የሚመጣው፣ ብርሃኑንም ቀለሙንም አንድ ሽቦ ውስጥ አጭቃ ስለምታመጣው አንዴ ከተቀላቀለ መልሶ በደንብ መለየት የለም። ርካሹ ኮንቨርተር ደግሞ ያንን የተበላሸውን ነው አሳድጎ 1080 የሚለው፣ ሳጥኑ ላይ ፉል ኤችዲ ተብሎ ስለተጻፈ እንዳትሸወዱ።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን መዘግየቱ ነው። ቅጣት ምት ላይ ያቺ የሹት መስመር ስትሞላ አይታችሁ ትለቃላችሁ አይደል፣ እኔ ስለቅ እሷ ስክሪኑ ላይ ገና ግማሽ ናት፣ እውነቱ ግን ማሽኑ ውስጥ ቀድማ ሞልታለች፣ ኳሷ ወደ ሰማይ። ሶስት ቅጣት ምት በተከታታይ። የድሮው ቲቪ የመጣለትን መስመር እዛው ይስል ነበር፣ ፓል የሚባለው የድሮው የኛ የቲቪ ስታንዳርድ 576 መስመሩን አንዱን እየዘለለ በሁለት ዙር ነው የሚልከው፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ግማሽ ግማሽ ምስል። ፍላቱ ይሄንን አያውቅበትም፣ ሁለቱን ግማሽ ሰብስቦ፣ አገጣጥሞ፣ አሳምሮ ነው የሚያሳያችሁ፣ እስከዛ እናንተ ጎል አምልጧችኋል። ቲቪያችሁ ላይ ጌም ሞድ የሚል ካለ አብሩት፣ ማሳመሩን ይቀንስና ልዩነቱ ወዲያው በእጃችሁ ይታወቃችኋል።

ከዛ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ (130 ኪሎሜትር ናት፣ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ ደረሰ) ትንሽዬ አዳፕተር አመጣልኝ፣ አውራ ጣት የምታክል፣ ፒኤስ 2ው ጀርባ የኤቪ ገመዱ የሚገባበት ላይ ራሷ ትሰካና በሌላኛው ጫፍ ኤችዲኤምአይ ትቀበላለች። ይቺ ቢጫዋን ገመድ አትጠቀምም፣ ማሽኑ ቀለሙን ለያይቶ የሚያወጣበትን ነው የምትወስደው። ስንሰካት ሁሉም ሰው አረንጓዴ ሆኖ መጣ፣ ተበላሸች ብለን ልንጥላት ነበር፣ ነገሩ ግን ከሴቲንግ ነው፦ ዲስክ ሳታስገቡ ክፈቱት፣ ሲስተም ኮንፊጉሬሽን ግቡ፣ ኮምፖነንት ቪዲዮ አውት የሚለውን ከአርጂቢ ወደ ዋይ ሲቢ ሲአር ቀይሩት። አረንጓዴው ጠፋ፣ የማልያ ቁጥር ተነበበ! ለኔ ከዋጋዋ አንጻር ከሷ የተሻለ የለም። ቲቪያችሁ አረንጓዴ ሰማያዊ ቀይ ቀዳዳ ካለው ደግሞ አዳፕተርም አያስፈልጋችሁ፣ የኮምፖነንት ገመድ ብቻ ፈልጉ። ኦፒኤል በሚባለው ፕሮግራም ጌሙን ከፍላሽ እያስነሳችሁ የምትጫወቱ ደግሞ እዛው ውስጥ ጂኤስኤም የሚል አለ፣ ጌሙን 480ፒ ላይ ያስገድድላችኋል፣ ያ ግማሽ ግማሽ የሚባለው ነገር ይቀራል፣ ሁሉም ጌም ላይ አይሰራም ግን። (ፍላሽ ላይ ቪዲዮው የሚንቀጠቀጠው ደግሞ የፒኤስ 2 ዩኤስቢ 1.1 ስለሆነ ነው፣ ፍላሹን ብትቀይሩ ለውጥ የለውም።)

ውዶቹን ኮንቨርተሮች ዩትዩብ ላይ ነው የማያቸው። ኦኤስኤስሲ የሚባለው መስመሩን ወዲያው እያባዛ ስለሚያሳልፍ መዘግየት የለውም ማለት ይቻላል፣ ግን ቢጫ ገመድ አይቀበልም። ሬትሮቲንክ 4ኬ 2023 ላይ ሲወጣ 750 ዶላር ነበር፣ ወደ ብር ለውጡትና ቁጭ በሉ፣ በዛ ብር እኮ በግ ይገዛል፣ አንድም አይደለም። ሌላው መንገድ ማሽኑን ትቶ ኢሙሌተር ነው፣ ማሽኑን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም፣ የፒኤስ 1 ጌም ራስፕቤሪ ፓይ 4 የምትባለው ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ ጥሩ ይሄዳል፣ ፒኤስ 2 ግን ይከብደዋል፣ ለሱ ደህና ላፕቶፕና ፒሲኤስኤክስ 2 የሚባለው ኢሙሌተር ይሻላል። እኔ ግን ዲስኩ ሲሽከረከር ካልሰማሁ አይጥመኝም።

እዚ ላይ ላቆም ነበር፣ ግን የእህቴ ልጅ ያንን ባለ ካሴት ጌም ከነሽጉጡ አገኘው። ዳክዬ የሚተኮስበት፣ ዳክ ሀንት። ፍላቱ ላይ በኮንቨርተሯ ሰካንለት፣ ልጁ አፈሙዙን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ይተኩሳል፣ አንድ አይመታም፣ ውሻው ከሳሩ ብቅ እያለ ይስቅበታል፣ ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። የሱ ጥፋት አይደለም። ሽጉጡ ምንም አይተኩስም፣ ጫፉ ላይ ዓይን ነው ያለው፣ ቃታውን ስትስቡ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ያለችበት ቦታ ነጭ ሳጥን ይሆናል፣ ዓይኑ ያንን ብርሃን ልክ በሰዓቱ ካየ ተመታች ማለት ነው። ፍላቱ ዘግይቶ ሲያሳየው ሽጉጡ ማየቱን ጨርሷል። ይሄ በሴቲንግም በአዳፕተርም አይድንም።

ስለዚ እቃ ቤት ገባን፣ የድሮው 21 ኢንች እዛ አለ፣ እማዬ ዳንቴል አልብሳ የሽንኩርት ቅርጫት አስቀምጣበታለች። ለሁለት ተሸክመን አወጣነው፣ ወገቤ እስካሁን ያመኛል፣ ቢጫዋን ሰካናት፣ ልጁ በመጀመሪያው ተኩስ ጣላት፣ ጩኸቱ ሌላ።

እማዬ ከኩሽና መጥታ እስቲ እኔም አለች፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ጠብ። ውሻው ዳክዬዋን አንገቷን ይዞ ብቅ አለ። ትንሽ አየችውና "እና አይበላ፣ ምን ልታረጉት ነው?" ብላ ሽንኩርቷን ይዛ ተመለሰች።