የዘይት ምርመራ ወረቀቴ ላይ ሲሊኮን 31

ባለፈው ሳምንት የሞተር ዘይት ምርመራ ውጤቴ በኢሜይል መጣ። ሲሊኮን 31 ይላል፣ አጠገቡ ቀይ ምልክት አለ። መኪናው ግን ደህና ነው። ጉልበቱ ያው ነው፣ አያጨስም፣ ዘይትም አይበላም። የምሠራው ዌስት ቴክሳስ ሚድላንድ አካባቢ ነው፣ ለነዳጅ ጉድጓዶች አሸዋ አመላልሳለሁ፣ ግማሹ መንገድ አስፋልት የለውም።

ጓደኞቼ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ፎቶ እያነሱ "ይሄ ምንድን ነው?" ስለሚሉኝ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ቁጥሮቹ ፒፒኤም ናቸው፣ ከሚሊዮን ስንት እጅ ማለት ነው። ብረት ከካሚቻ (ፒስቶኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር)፣ ከፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ከኮሎ (ክራንክሻፍት) ይመጣል። እርሳስ ከብሮንዚን (ኮሎው የሚሽከረከርበት ቡሽ)፣ አሉሚኒየም ብዙ ጊዜ ከፒስቶን። ሶዲየምና ፖታሲየም አብረው ከጨመሩ ኩላንት (የራዲያተር ውሃ) ዘይት ውስጥ እየገባ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ እሱን ሳታስፈትሹ ጭነት አትያዙ። ናፍጣ ከገባ ደግሞ ዘይቱ ይቀጥናል። 15ደብሊው40 የሚባለው ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ቪስኮሲቲው (ውፍረቱ) ከ12.5 ሴንቲስቶክ በታች መውረድ የለበትም።

አንድ ቁጥር ብቻውን አይታመንም። የአክስቴ ልጅ አዲስ መኪና ገዝቶ የመጀመሪያው ምርመራ ላይ መዳብ 180 ሲወጣበት እንቅልፍ አጣ፣ ሞተር ላስፈታ ነው ብሎ ደወለልኝ። እርሳሱስ? ብረቱስ? አልኩት። ሁለቱም ዝቅተኛ ናቸው። አዲስ ሞተር ላይ መዳብ ከዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ዘይቱ ይለቃል፣ ብሮንዚን ተበላ ማለት አይደለም። ከጥቂት ቅያሪ በኋላ ወረደለት።

ሲሊኮንም ብቻውን ቢሆን አያስደነግጠኝም፣ ሞተር ተከፍቶ በማሸጊያ ሲሊኮን ከተገጠመ ይታያል። የእኔ ግን አልተከፈተም። ያለፉት ሁለት ወረቀቶች ላይ ሲሊኮን 7 እና 8 ነበር፣ አሉሚኒየም 3 እና 4። አሁን አሉሚኒየም 13 ሆኗል፣ ብረትም ከ26 ወደ 71 ዘሏል፣ ያውም በተመሳሳይ ማይል። አፈር ውስጥ ሲሊኮንና አሉሚኒየም አብረው ናቸው። አቧራ ነው ማለት ነው።

ዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው) ገና አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ አላመንኩም። ከዲፕራተሩ ወደ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ፈታሁት። ፋሸታው (ማሰሪያ ቀለበቱ) የሚያስርበት ጋ፣ ከሥር በኩል፣ የጥፍር ርዝመት የሚያህል ስንጥቅ አለ። ካልተፈታ አይታይም። ውስጡን በጣቴ ጠረግ ሳደርገው እንደ ነጭ ጤፍ ዱቄት የላመ አቧራ ጣቴ ላይ ቀረ። ከፊልትሮው በኋላ መሆኑ ነው እንግዲህ! ያ ሁሉ አቧራ ሳይጣራ ካሚቻዬን ሲሞርድ ከርሟል ማለት ነው።

ናሙና ስትወስዱ ሞተሩ ትኩስ ይሁን። መጀመሪያ የሚወርደውን አትቅዱ፣ ከሥር የተቀመጠው ቆሻሻ ነው፣ ትንሽ ከፈሰሰ በኋላ ጠርሙሱን አስጠጉ። ዘይቱ ስንት ማይል እንደሠራ መጻፍ እንዳትረሱ፣ 15,000 ማይል የሠራ ዘይት ላይ ያለ ብረትና 40,000 የሠራው ላይ ያለው አንድ አይደለም።

ቱቦውንም ፋሸታውንም ቀየርኩ። አዲሱ ዘይትም ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አቧራ ሲጠጣ ስለከረመ ደግሜ ቀየርኩት፣ ወጪው ቢያመኝም። 5,000 ማይል ላይ ሌላ ጠርሙስ እልካለሁ። ሲሊኮኑ ካልወረደ የአየር መስመሩን እስከ ቱርቦው ድረስ እፈታዋለሁ።