ደረጃ ስንት ወጣሽ?

ማክሰኞ ማታ።

ሰሞኑን ከሥራ መልስ አንድ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ፣ እያነበብኩ ነው። «ካሬካኖ» ይባላል። ማሳሚ ጹዳ የምትባል ጃፓናዊት ከ1996 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በ21 ቅጽ ያወጣችው ነው። ሾጆ ከሚባለው፣ በዋናነት ለልጃገረዶች ከሚሳለው ወገን ነው። ቀለል ያለ የፍቅር ታሪክ መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። ዛሬ ግን አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ።

ዩኪኖ የምትባል ተማሪ አለች። ጎበዝ፣ ቆንጆ፣ ጨዋ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያደንቃታል። ቤቷ ስትገባ ግን አሮጌ ቱታ ለብሳ ሌላ ሰው ትሆናለች። የምታጠናው ለመወደስ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። አሪማ የሚባል ልጅ መጥቶ አንደኝነቷን ሲወስድባት እንቅልፍ አጥታ ታጠናና ትበልጠዋለች። እሱ ደግሞ ከልቡ ያደንቃታል። ያን ያህል የጓጓችለት ድል እዚያው ባዶ ሆነባት።

ይቺን ልጅ አውቃታለሁ።

እስከ ስድስተኛ ክፍል አንደኛ ነበር የምወጣው። ካርድ በተሰጠ ቀን እማዬ ጎረቤት ጠርታ ቡና ታፈላለች። ካርዴ ከሲኒው ጋር ይዞራል። «ደረጃ ስንት ወጣሽ?» ይሉኛል፣ እያወቁት። ሰባተኛ ክፍል አራተኛ ወጣሁ። ካርዱን አጣጥፌ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩና «ገና አልተሰጠም» አልኩ። በሦስተኛው ቀን እማዬ ልብስ ልታጥብ ስትል አገኘችው። አልተቆጣችም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለችውና ብፌው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። የዚያን ሰሞን ጎረቤት አልተጠራም።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሾጆ ውስጥ በጣም የምወደው ነገር አለ። ሰዎቹ የሚናገሩት ክብ ውስጥ ይጻፋል። በልባቸው የሚያስቡት ግን ብዙ ጊዜ ያለ ክብ፣ ነጩ ገጽ ላይ ተበትኖ ይቀመጣል። እንደ ሞቶ ሃጊዮ ያሉ የማንጋ ሠዓሊዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት ነገር ነው። አንድ ገጽ ላይ «ደህና ነኝ» የሚለውን አፍና የሚጮኸውን ልብ አብረህ ታያለህ። እኔ ስንት ዓመት ክቡን ብቻ ሳሳምር ኖርኩ!

ይሉኝታ መጥፎ ነው አልልም። ይሉኝታ የሌለው ሰው ያስፈራኛል። ለሰው ማሰብ ሌላ፣ ሰው ካላመሰገነኝ የለሁም ማለት ሌላ። እኔን የጎዳኝ ሁለተኛው ነው።

ያቆመኝ ገጽ ዩኪኖ ማስመሰሏን ከተወች በኋላ ያለው ነው። እውነተኛ ማንነቷን በማሳየቷ ማንም አላጨበጨበላትም። ክፍሉ አገለላት። ማሆ የምትባል ልጅ ሌሎቹን አሳደመችባት። ዩኪኖ ግን ያለፈውን አልካደችም፣ ወደ ድሮዋም አልተመለሰችም። በማግስቱም ትምህርት ቤት ሄደች።

ዛሬ ቢሮ አንዲት ባልደረባዬ ቅዳሜ እንድተካት ለመነችኝ። ዘንድሮ ብቻ ስድስተኛ ጊዜዋ ነው። «አልችልም» አልኳት። ሌላ ምክንያት አልደረደርኩም። «በሞቴ!» አለች። «ይቅርታ፣ አልችልም።» ፊቷ ልውጥ አለ። ምሳ ሰዓት ሌላ ጠረጴዛ ሄዳ ተቀመጠች። ሽሮዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። «ቆይ እሺ፣ እገባለሁ» ብዬ መልእክት ጻፍኩ። አጠፋሁት። ታክሲ ውስጥ እንደገና ጻፍኩት። እሱንም አጠፋሁት። አሁንም ሆዴ እንደተረበሸ ነው።

ቅዳሜ እማዬ ጋ እሄዳለሁ። ያ ካርድ እስካሁን ብፌው መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እጥፋቱ አልለቀቀም። ያን ቀን በመዳፏ ስታስተካክለው ምን እያሰበች እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም።