ሄክተርም ሞቶ እንቅልፍ የለም

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሰሞኑን ኢሊያድን፣ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት የገጠመውን የድሮ የግሪክ ግጥም፣ እያነበብኩ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር የጀመርኩት ግሪኮች ተደብቀው ትሮይ የገቡበትን የእንጨት ፈረስ ፍለጋ ነው፣ 24ቱንም ክፍል ጨረስኩት ለካ ፈረሱ እዛ ውስጥ የለም፣ ፊልም ነው ያሳሳተኝ። እኔን የያዘኝ ግን የግሪኮቹ ጀግና የአኪለስ ለቅሶ ነው።

የጓደኛውን የፓትሮክለስን መርዶ ሲሰማ ያ ሁሉ ጀግና አመድ ነስንሶ መሬት ላይ ተዘርሮ ፀጉሩን ይነጫል፣ መርዶውን ያመጣው አንቲሎከስ ደግሞ ራሱን እንዳያርድ ፈርቶ እጆቹን ይዞ አብሮት ያለቅሳል። ሽማግሌዎቹ ብላ እያሉ ቢለምኑትም እምቢ አለ፣ እኛ ጋ ቢሆን "አፈር ስሆን" ይሉት ነበር። እኔን ያን ሳምንት በግድ ያጎረሱኝ የጓደኛዬ እናት ናቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ምንም ሳይቀምሱ።

ፓትሮክለስ የሞተው የአኪለስን ጥሩር ለብሶ ነው፣ ሰጥቶ የላከው ደግሞ ራሱ አኪለስ ነው። የገደለው የትሮይ ልዑል ሄክተር ያንን ጥሩር ገፎ ለበሰው፣ እና አኪለስ ሊበቀል ሲወጣ ፊቱ የቆመው የራሱን ልብስ የለበሰ ሰው ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ገደለውና አረፈ? የለም። ከሰረገላው ኋላ አስሮ ጎተተው፣ 12 የትሮይ ወጣቶች አርዶ ከጓደኛው ሬሳ ጋር አቃጠለ፣ (በነገራችን ላይ እሳቱ አልነድ ሲል ነፋሶቹን ልትጠራ የሄደችው የአማልክቱ መልእክተኛ አይሪስ ቁጭ በይ ሲሏት ወደ ኢትዮጵያውያን ድግስ እየሄድኩ ነው ትላለች፣ ሆሜር የሚላቸው በትክክል እኛን ባይሆንም ፈገግ አሰኝቶኛል) ከዛም በኋላ ሌሊቱን ሲገላበጥ እያደረ ሲነጋ የሄክተርን ሬሳ በፓትሮክለስ መቃብር ዙሪያ 3 ጊዜ እያዞረ ይጎትታል።

እኔም ሹፌሩ ሲፈረድበት ይወጣልኛል ብዬ ነበር፣ ተፈረደበት፣ ማታ ቤቴ ገብቼ መብራት ሳላበራ ቁጭ አልኩ።

አኪለስ ረጋ ብሎ የተኛው የሄክተር አባት ፕሪያም ከመጣ በኋላ ነው። ሽማግሌው በሌሊት የጠላት ሰፈር ገብቶ ጉልበቱ ላይ ወድቆ ልጆቹን የጨረሰውን እጅ ሳመ፣ አባትህን አስብ አለው፣ ከዛ ሁለቱም አለቀሱ፣ አንዱ ለሄክተር አንዱ ለአባቱና ለፓትሮክለስ። በኋላ አብረው በሉ፣ ፕሪያም ልጄ ከሞተ ጀምሮ እህል ስቀምስ ገና አሁን ነው፣ አይኔንም አልከደንኩም አንጥፉልኝ ልተኛ ይላል፣ እዛው የልጁ ገዳይ ግቢ ውስጥ!

ጓደኛዬን ያን ማታ ደውዬ ና ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቤት ደርሶ ልብስ ቀይሮ ነበር። እናቱ ጋ ከሄድኩ ስምንት ወር አለፈኝ፣ ማን እንደጠራው እስካሁን አያውቁም።