ኦቫሪዎቼ ከወጡ በኋላ አጥንቴን በደም ምርመራ እንዴት ተከታተልኩ

በ43 ዓመቴ ማህፀኔ በማዮማ፣ ሁለቱም ኦቫሪዎቼ (የእንቁላል ማፍሪያዎቼ) ደግሞ በሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ በቋጠረ እብጠት፣ ምክንያት በቀዶ ጥገና ወጡ። በተፈጥሮ የሚመጣ ማረጥ ዓመታት እየወሰደ ነው የሚደርሰው፤ የእኔ በአንድ ቀን ደረሰ። ስለ ላቡና ስለ እንቅልፍ ማጣቱ የማይነግረኝ ሰው አልነበረም። ስለ አጥንት የጠየቅኩት ግን እኔው ነኝ፤ እናቴ ወገቧ ጎብጦ ነበርና ያረፈችው።

ሐኪሜ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። አጥንት ዕድሜ ልክ ይፈርሳል፣ ይሠራል። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች ያረጀውን እየቦረቦሩ ያነሳሉ፤ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ተከትለው ይሞላሉ። መቦርቦሩ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል፣ መሙላቱ ወራት ይፈጃል። በዋናነት ከኦቫሪ የሚመነጨው ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ቦርቧሪዎቹን ይገታል፦ ራንክል የተባለውን ቀስቃሽ ፕሮቲን ይቀንሳል፣ የቦርቧሪዎቹንም ዕድሜ ያሳጥራል። ሆርሞኑ ሲጠፋ ሁለቱም ሥራ ይጧጧፋል፤ የሚሞሉት ሴሎች ግን አይደርሱባቸውም። ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት የሚሳሳው እንዲህ ሥራ በዝቶበት መሆኑ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር።

ስለዚህ በዴክሳ፣ ማለትም አጥንትን በሚለካው የራጅ ምርመራ፣ ብቻ አልተወሰንንም። ዴክሳ ያለውን የአጥንት መጠን ይነግራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመጣው ለውጥ ግን ከመሣሪያው የስህተት ወሰን ብዙም አይበልጥም። ፍጥነቱን የሚያሳዩት ሁለት የደም ምርመራዎች ናቸው፤ ሲቲኤክስ የመፍረሱን፣ ፒዋንኤንፒ የመሠራቱን። ሲቲኤክስ ምግብ ከተበላ ስለሚወርድ ጠዋት በባዶ ሆድ መሰጠት አለበት። በዐቢይ ጾም ጠዋት ደም መስጠት ለእኔ ምንም አልከበደኝም፤ ያስቸገረኝ ለፀጉሬ የምወስደው ባዮቲን ነበር። ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ መለኪያዎችን ስለሚያዛባ ከምርመራው በፊት አቋርጬዋለሁ። ሁልጊዜም እዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ሰዓት።

የመጀመሪያው ውጤት ሁለቱም ከፍ ብለው አሳየ። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኢስትሮጅን ፓች ጀመርኩ፤ የማህፀንን ግድግዳ ከኢስትሮጅን ለመጠበቅ የሚጨመረው ሆርሞን፣ ፕሮጀስትሮን፣ ማህፀን ስለሌለኝ አላስፈለገኝም። ሲቲኤክስ ቶሎ ወረደ። ቆየት ብሎ ፒዋንኤንፒም ተከተለው፤ ያን ጊዜ ደነገጥኩ። አጥንት የሚሠራው ቀነሰ ማለት መድኃኒቱ ጎዳኝ ማለት መሰለኝ። አይደለም። የሚቦረቦረው ቦታ ሲያንስ የሚሞላውም ያንሳል። በመጀመሪያው ዓመት ዴክሳው ላይ የታየው ጭማሪም አብዛኛው አስቀድሞ ተቦርቡሮ የነበረው ቦታ ሲሞላ የመጣ እንጂ አዲስ አጥንት በላይ በላዩ ተሠርቶ አይደለም።

እትዬ ደግሞ አዲስ አበባ ሆነው በስልክ «ቅልጥም ቀቅለሽ መረቁን ጠጪ፣ ሆርሞን ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። «እሺ እትዬ» እላለሁ፤ መረቁም ይጣፍጣል። ካልሲየሙ ግን ጥቂት ነው፤ ቢበዛ እንኳ ኢስትሮጅን ሲጠፋ የተለቀቀውን ቁፋሮ ካልሲየም ብቻውን አያስቆመውም። «የሴት ጣጣ» ብሎ ለሚስቀው ወንድሜ ያነበብኩለት ደግሞ በ1994 የታተመውን የአንድ ወንድ ታሪክ ነው። የሰውየው አካል ለኢስትሮጅን ምላሽ አይሰጥም፤ በ28 ዓመቱ ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር፣ የአጥንቱ ማደጊያ ገና ያልተዘጋ፣ አጥንቱም የሳሳ።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ሴቶች ሆርሞንን የፈሩት በ2002 የአሜሪካው ትልቅ የሴቶች ጤና ጥናት፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን (እንደ ፕሮጀስትሮን የሚሠራ መድኃኒት) አብረው የተሰጡበት ክፍል፣ በጡት ካንሰርና በደም መርጋት ምክንያት ከተቋረጠ ወዲህ ነው። ማህፀን የሌላቸው 10,739 ሴቶች የተሳተፉበት ሌላው ክፍል በ2004 ስትሮክ ስለጨመረ ቆመ፤ የዳሌ ስብራት ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀንሶ ነበር። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት ገደማ ነበር፣ የወሰዱትም በአፍ የሚዋጥ ክኒን። የእኔን ጉዳይ በእነሱ ሚዛን ብቻ መመዘን አልታየኝም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን ተነጋግረናል። ፓቹ ሲቆም የተገታው መፍረስ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ የተረፈው አጥንት ተቀምጦ አይጠብቅም። በተፈጥሮ የማርጥበት ዕድሜ እስኪደርስ፣ እስከ 51 ገደማ ልቀጥል፣ ከዚያ ፓቹን ከማንሳታችን በፊት ዴክሳ ተነስቼ ሌላ የአጥንት መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆን ልንወስን ተስማምተናል።