መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሞት ድራይቨር

አራት ኪሎ ካለ ማተሚያ ቤት ተደወለልኝ። የስቲከር መቁረጫቸው እምቢ ብሏል። «ልጄ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ይታመማል» አሉኝ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ።

ማሽኑ ደህና ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተሰኩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማናጀር ስከፍት ቢጫዋ ቃለ አጋኖ ቁጭ ብላለች፣ ኮድ 52። ዊንዶውስ የድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከመቁረጫው ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ዲጂታል ፊርማ ላረጋግጥ አልቻልኩም እያለ ነው። እዚያ የሚሠራው ልጅ ግን ምንም አልመሰለው። ሺፍት ይዞ ሪስታርት አደረገ፣ ሰማያዊው ገጽ ሲመጣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ገባና ኤፍ 7ን ጫነ። መቁረጫው ተነሳ። «የበፊቱ ቴክኒሻን ነው ያሳየኝ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ኤፍ 7 የፊርማ ቁጥጥሩን የሚያነሳው ለዚያች አንድ መነሳት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ቁጥጥሩ ይመለሳል። መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ልጁ ደንበኛ እያቆመ ቀኑን ሙሉ ኤፍ 7 ሲጫን ይውላል።

«ታዲያ ያኛው ላይ ለምን ይሠራል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጎኑ ያለው አሮጌ ኮምፒውተርም ዊንዶውስ 10 ነው፣ ድራይቨሩም ከአንድ ፍላሽ የተጫነ። ግን አሮጌው ድሮ ዊንዶውስ 7 (ሰቨን) ነበር፣ ከላዩ ላይ አፕግሬድ ተደርጎ ነው 10 የሆነው። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2016 ከወጣው የዊንዶውስ 10 1607 ቨርዥን ጀምሮ በከርነል፣ ማለትም በዊንዶውስ እምብርት ውስጥ፣ የሚሠራ ድራይቨር እኔ ራሴ ካልፈረምኩበት አይጫንም አለ፤ አምራቹ በገዛ ሰርተፍኬቱ የፈረመው አይበቃም። ከድሮ ዊንዶውስ አፕግሬድ የተደረገን ኮምፒውተር፣ ወይም ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታመነ ፕሮግራም ብቻ የሚያስነሳው ቁጥጥር) የተዘጋበትን፣ ወይም ከጁላይ 29 ቀን 2015 በፊት በተሰጠ ሰርተፍኬት የተፈረመን ድራይቨር ግን ያልፋቸዋል። አዲሱ ኮምፒውተር በንጹህ የተጫነ ነው፣ ሴኪዩር ቡቱም ክፍት። ድራይቨሩ የተፈረመበት ሰርተፍኬት ደግሞ የ2017 ሆኖ ተገኘ።

ሴኪዩር ቡትን ዘግቶ መገላገል ይቻል ነበር። አልፈለግኩም። ማተሚያ ቤት ነው እኮ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፍላሽ ይሰካበታል፣ ግማሹ ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው። ማይክሮሶፍት ያልፈረመበት ነገር ከርነል ውስጥ እንዳይገባ የቆመውን ዘበኛ ለአንድ መቁረጫ ብዬ አላባርርም።

ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲሱን ድራይቨር አወረድኩ። ከመጫኔ በፊት ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲጂታል ሲግኔቸርስ አልኩ። ፈራሚው ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሃርድዌር ኮምፓቲቢሊቲ ፐብሊሸር ይላል። ይሄ ነው የሚፈለገው። ጫንኩት። ልጁ አላመነኝም፣ «ተው!» ሳልለው ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ሰካ። ያለ ኤፍ 7 ተነሳ።

እትዬ ወዲያው ሦስተኛውን አሳዩኝ፣ ደረሰኝ የሚጻፍበትን። «በእጅህ ለእሱም ጫንለት።» ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ነው፣ ኮድ 52 አለ። አዲሱ ድራይቨር የተፈረመው ሻ 256 በሚባለው የፊርማ ስልት ነው፣ ሰቨን ደግሞ ኬቢ 3033929 የሚባለውን አፕዴት ካላገኘ በሻ 256 የተፈረመ ድራይቨር አይቀበልም። አፕዴቱ ደግሞ መጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ 1 የሚባለውን የአፕዴቶች ጥቅል ይፈልጋል። ይሄ ምስኪን እሱም የለው፣ አፕዴት የሚባል ነገር አይቶም አያውቅ።

«እትዬ፣ ይሄ ደረሰኙን ይጻፍ፣ ይበቃዋል» አልኳቸውና የመቁረጫውን ገመድ ወደ አዲሱ መለስኩት።