የታፔላና የጦሳ ሰዓሊ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሰዓሊ ጓደኛዬ ጋ ዋልኩ። ወላሂ ይሄ ልጅ በነዚህ ዓመታት ስንቱን ሠርቷል! የሱቅ ታፔላ ጽፏል፣ የባጃጅ ጀርባ አስውቧል፣ ለትምህርት ቤት ግድግዳ የደም ዝውውር ስሏል፣ ባነር ማተሚያ መጥቶ የታፔላው ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ሰው ምስል ዞረ። በመሀል በመሀል የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽና የጦሳን ተራራ ለራሱ ይስላል። ጦሳን ጉም ሲያለብሰው የሳለውን ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ጉሙ ነጭ አይደለም፣ ግራጫ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጣል አድርጎበታል፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ብቻ ያበራሉ። ሰው "ታፔላ ጸሐፊ" ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ያ ሁሉ ትዕዛዝ ነው እጁን ያፍታታለት ባይ ነኝ። ኮምቦልቻ ካፌ የምትከፍቱ ልጆች፣ ግድግዳችሁን ለሱ ስጡት። ቀብዱንም ቀድማችሁ ስጡት፤ ቀለም ተወዷል።