ባንክ የቆረጠው የወለድ ግብር መዝገብ ላይ ሳይታይ ሲቀር፦ ያደረግኩት፣ ያጠፋሁት፣ የምመክረው

ቁጥሩን ላስቀድም። ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ የተቀመጠ 300,000 ብር፣ በ7 በመቶ፣ በ2014 የግብር ዘመን 21,000 ብር ወለድ ወለደ። ባንኩ ከዚያ ላይ 5 በመቶ፣ 1,050 ብር፣ የወለድ ግብር ቆርጦ 19,950 ብር ሒሳቤ ውስጥ አስገባ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። በኋላ ለፒያሳው ሱቄ ከግብር ጽሕፈት ቤቱ የደረሰኝ የግብር ስሌት ማስታወቂያ ግን «ያልተገለጸ ገቢ 42,000 ብር» ይላል። ይህንን ከንግድ ትርፌ ጋር ደምረው በ35 በመቶ 14,700 ብር፣ አሳንሶ በማስታወቅ 10 በመቶ ቅጣት 1,470 ብር፣ በድምሩ 16,170 ብር ጠየቁኝ፤ የዘገየበት ወለድ ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል። አንድ ሰው አስቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ግማሹ ድካም ይቀርልኝ ነበር፤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ስህተቱ አንድ አልነበረም፤ ሦስት ነበር። ሦስቱን ለያይቶ ማየት ከሁሉም ይቀድማል። አንደኛው፣ ሒሳቤ በዓመቱ መሐል ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ሲዛወር አዲስ ቁጥር ወጣለት፤ ለግብር ጽሕፈት ቤቱ በሄደው ዝርዝር ላይ ያው የዓመት ወለድ በአሮጌውም በአዲሱም ቁጥር ተጻፈ። 42,000 የመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው፣ በአዲሱ ሒሳብ ላይ ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ (ቲን) 10 አሃዞች ሁለቱ ተገለባብጠው ገብተዋል። ገቢው በስም ተመሳክሮ እኔ ላይ ሲወድቅ፣ የተቆረጠው 1,050 ብር ግን በተሳሳተው ቲን ላይ ቀረ። በእኔ ስም የተከፈለ የወለድ ግብር ዜሮ ሆኖ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው የሕግ ስህተት ነው። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አንቀጽ 56 መሠረት የቁጠባ ወለድ በሰንጠረዥ «መ» ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው፤ ባንኩ ቀንሶ የሚከፍለው ግብርም የመጨረሻ ነው። በሰንጠረዥ «ሐ» ከንግድ ትርፍ ጋር አይደመርም። 42,000ው እውነት ቢሆን እንኳ ግብሩ 2,100 ብር ነው እንጂ 14,700 ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የሚበረታው ክርክር ይህ ሦስተኛው ነበር። ለግብር ጽሕፈት ቤቱ በጻፍኩት የመጀመሪያው የቅሬታ ደብዳቤዬ ላይ ግን የለም። «የባንኩ ስህተት ነው» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዓመቱን የሒሳብ መግለጫ ከባንክ ማሳተም፣ የቲን ምስክር ወረቀትና የታደሰ ንግድ ፈቃድ ኮፒ ማድረግ፣ የዓመቱን የግብር ማስታወቂያና የክፍያ ደረሰኝ ማያያዝ፦ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አዋጆቹን ደግሞ ከሰው አፍ ከመስማት አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ወርዶ ነጋሪት ጋዜጣውን መግዛት ይሻላል። አንቀጹን በጣት እያመለከቱ ሲያነጋግሩት የማይለሰልስ ሠራተኛ ጥቂት ነው።

የተበላሸው የባንኩ ደብዳቤ ነው።

ማስታወቂያው እጄ ከገባበት ቀን ጀምሮ ቅሬታ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 21 ቀን ነው፤ የግብር አስተዳደር አዋጅ 983/2008 አንቀጽ 54። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀናት የበላው የቃል ተስፋ ነው። የግብር ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ ሲስተም ላይ እናስተካክለዋለን፣ ሰኞ ብቅ በል» አለ። ሰኞ ሲስተም የለም። ረቡዕ የሚያስተካክለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በቃል የተሰጠ ተስፋ የቀን ቆጠራውን አያቆምም፤ በ22ኛው ቀን ደግሞ ያንን ቃል የሚያስታውስ አይገኝም። በትህትና የሚያነጋግራችሁ ሠራተኛም ቢሆን፣ በጽሑፍ ያልሰጣችሁን ነገር እንዳልተባለ ቁጠሩት።

በአሥረኛው ቀን ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ወለዱን የሚያሰላውም ሪፖርት የሚልከውም ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ቅርንጫፉ ጥያቄውን ተቀብሎ ከማስተላለፍ በቀር ምንም ማረም አይችልም። ይህንን አለማወቄ ሁለት ቀን በላ። ከዚያ የመጣው ደብዳቤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ደንበኛችን በዓመቱ 19,950 ብር ወለድ ተከፍሏቸዋል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ጥቅም ግን የለውም። ይባስ ብሎ ጉዳት አመጣ፤ አሁን ፋይሉ ውስጥ 42,000፣ 21,000 እና 19,950 የሚሉ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ተቀመጡ። የግብር ጽሕፈት ቤቱ ኦዲተርም «ራሳችሁ ያልተስማማችሁበትን እኔ እንዴት ላምን» አለ። ተናድጄ ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤው ምን እንዲል እንደምፈልግ ለባንኩ በጽሑፍ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከባንኩ «ማረጋገጫ ጻፉልኝ» ብላችሁ አትጠይቁ። የሚጻፈውን ራሳችሁ ቆጥራችሁ ስጡ። አሮጌውና አዲሱ የሒሳብ ቁጥር፣ ዝውውሩ የተደረገበት ቀን፣ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሒሳብ መሆናቸው በግልጽ ቃል፤ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ በቲን ምስክር ወረቀቱ ላይ ባለው አጻጻፍ፤ ቲኑ አሥሩም አሃዝ፤ ከዚያ ያልተቀነሰው ወለድ፣ የተቀነሰው ግብር፣ የተጣራው ወለድ፣ ሦስቱ በየመስመራቸው፤ በመጨረሻም ግብሩ ገቢ የተደረገበት ወርና የደረሰኝ ቁጥር። አንዱ ከጎደለ መልሱላቸው። የደረሰኝ ቁጥሩን ባንኮች ለመስጠት አይወዱም፤ ምክንያቱም ክፍያው የብዙ ደንበኞች ድምር ነው። ቢሆንም ጠይቁ፤ የግብር ጽሕፈት ቤቱ በተሳሳተው ቲን ላይ የቀረውን ገንዘብ ሊፈልግ የሚችለው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው።

ስሙ ላይም አትቸኩሉ። ባንኩ ስማችንን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ «ጸ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል፤ ሒሳቡ በድሮ መታወቂያ ተከፍቶ ከሆነ የአያት ስም ጭራሽ የለም። ቲን ሲሳሳት ማመሳከሪያው ስም ስለሆነ፣ እዚህ ያለች አንዲት ፊደል የሌላ ሰው ገቢ ልታመጣባችሁ ትችላለች።

ቀኑም እንዲሁ። የግብር ዘመናችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በባንክ የሒሳብ መግለጫ ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጅ ቀን ነው፤ ጁን 30 በእኛ ሰኔ 23 ነው። በመሐል ሰባት ቀን አለ። ባንኩ «ዓመታዊ» ብሎ የሚጽፈው ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ከሆነ ከእኛ ዓመት በአንድ ሳምንት ይቀድማል። ወለዱ በየወሩ በሚገባበት ሒሳብ ላይ ይህ ሳምንት ቁጥሩን ያፋልሳል። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

በ17ኛው ቀን ያስገባሁት ቅሬታ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። በዚህ ላይ እውነቱ ከእነሱ ጋር ነበር። አዋጁ ቅሬታው የተቃወሙበትን ነጥብ፣ እንዲደረግ የሚፈልጉትን ማስተካከያና ምክንያቱን በትክክል እንዲገልጽ፣ ያልተከራከሩበት ግብር ደግሞ የተከፈለ እንዲሆን ይጠይቃል። ከበሩ ውጭ የተቀመጡት አቤቱታ ጸሐፊዎች ግማሽ ገጽ ሰላምታና ልመና ይጽፉላችኋል፤ የሚፈለገው ሠንጠረዥ ነው። የእኔ ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር፦ በማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር፣ ትክክለኛው ቁጥር፣ ልዩነቱ፣ ምክንያቱ። በስተመጨረሻ «14,700 ብር ግብርና 1,470 ብር ቅጣት እንዲሰረዙ» የሚል አንድ መስመር። በ20ኛው ቀን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው። ቁጥርና ቀን ያልተመታበት ደብዳቤ አልገባም ማለት ነው፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይም አስመቱ።

መስኮት ላይ የሚነገሩ ሁለት ምክሮችን አልቀበልም። አንደኛው «ማስረጃው ሲሟላ አምጣ» የሚለው ነው። ያላችሁን ይዛችሁ በቀኑ ውስጥ አስገቡ፤ የተስተካከለው የባንክ ደብዳቤ እንደሚከተል ጻፉ፤ ሲመጣ በዚያው መዝገብ ቁጥር አያይዙት። እኔ ያስገባሁት የሒሳብ መግለጫውን ይዤ ነው፤ ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ሁለተኛው «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ይመለስልሃል» የሚለው ነው። በቅሬታ ደረጃ የምትከራከሩበትን ግብር አስቀድማችሁ የመክፈል ግዴታ የለባችሁም። 50 በመቶ ማስያዝ የሚመጣው ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ስትሄዱ ነው። ከፍሎ ማስመለስ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ወረፋ ነው።

ለውሳኔ የተሰጠው ጊዜ 180 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ መልስ ካልመጣ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ይቻላል፤ ሁለቱንም ቀን የቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ። የእኔ በአራተኛው ወር በጽሑፍ መጣ፤ ሰርዘውታል።

በዚህ አላለቀም። ንግድ ፈቃድ ለማደስ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ስጠይቅ «ቀሪ ዕዳ አለ» ተባልኩ። ግብሩ ሲሰረዝ ቅጣቱ 1,470 ብር አብሮ አልተነሣም፤ ሲስተሙ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ነው፣ የሚያነሣውም ሌላ ሠራተኛ ነው። የውሳኔውን ደብዳቤ በተቀበላችሁ ዕለት እዚያው ቆማችሁ የግብር ሒሳባችሁን ዝርዝር አሳትሙ፤ ግብሩ፣ ቅጣቱና የዘገየበት ወለድ ሦስቱም ዜሮ መሆናቸውን በዓይናችሁ እዩ።

ባንኩ ውስጥ ያለው የተገለባበጠ ቲን ደግሞ በግብር ጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ አይታረምም። ለዋናው መሥሪያ ቤት በተለየ ደብዳቤ፣ የቲን ምስክር ወረቀት ኮፒ ተያይዞ፣ የተዘጋው አሮጌ ቁጥርም ከሪፖርቱ እንዲወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ይህንን ጨርሼ፣ በሚቀጥለው ሐምሌ የራሴን ግብር ከማስታወቄ በፊት፣ ባንኩ የላከው ዝርዝር ላይ ስሜ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ጠየቅኩ። አንድ ጊዜ ነበር፤ አሥሩም አሃዝ ትክክል።